ዘይት የማይጠጣ የጾም ሳምቡሳ በቤት ውስጥ እንዴት ይዘጋጃል?

ባሕር ዳር፦ በጾም ወራት በከተሞቻችን ጎዳና ዳር ማለዳ ማለዳ ከሚጠበሱት ምግቦች አንዱ የምስር ሳምቡሳ ነው። ስንዴውም ምስሩም የክልላችን አርሶ አደር የሚያመርታቸው ሰብሎች ናቸው፤ ሥራውም ከምጣድ፣ ከድስትና ከሊጥ መዳመጫ ያለፈ መሣሪያ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ብዙ ቤተሰብ ሳምቡሳን ከመንገድ ገዝቶ ይበላል እንጂ በቤቱ መሥራትን አይደፍርም። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ "ዘይት ይጨርሳል" የሚል።

ዘይት በሊትር ተለክቶ በሚገዛበት ቤት ይህ ቀላል ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ሳምቡሳ ዘይት የሚጨርሰው ሳምቡሳ ስለሆነ አይደለም። በምስሩ ውስጥ የቀረ ውሃ፣ በደንብ ያልተገጠመ ጠርዝና በቂ ሙቀት ያላገኘ ዘይት፣ ሦስቱ ሲገናኙ ነው ምግቡ እንደ ስፖንጅ የሚሆነው። ሦስቱንም በቤት ውስጥ ማስተካከል ይቻላል።

ሳምቡሳ ከሩቅ የመጣ ምግብ ነው። ስሙ ከፋርስ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን በመካከለኛው ዘመን በተጻፉ የአረብ የምግብ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ተጓዡ ኢብን ባቱታም በ14ኛው ክፍለ ዘመን በዴልሂ ሱልጣን ማዕድ ላይ በሥጋና በለውዝ የተሞላ ሳምቡሳ መቅረቡን ጽፏል። በሀገራችን በሙስሊሙ ኅብረተሰብ ዘንድ የረመዳን ማፍጠሪያ ማዕድ ያለ ሳምቡሳ ሙሉ አይመስልም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ደግሞ ሥጋው በምስር ተተክቶ የጾም ምግብ ሆኗል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀናት አሉት፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ፍልሰታና ሌሎቹ ሲደመሩ ብዙው ምእመን በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ተለይቶ ይኖራል። በውጭ ሀገር "ቪጋን" በሚል ስም የሚታወቀው አመጋገብ ለእኛ አዲስ ያልሆነው ለዚህ ነው። በአሜሪካ በዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የምስር ሳምቡሳ በዚሁ ስም ይሸጣል።

ድፍኑን ምስር መምረጥ

ምስር በክልላችን በጥቁር አፈር ላይ፣ በሰሜን ሸዋ እንደ እነዋሪ፣ በደቡብ ወሎ እንደ ጃማ ባሉ አካባቢዎች በስፋት ይዘራል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተዘርቶ አፈሩ በያዘው እርጥበት ያድጋል፤ ምርቱም በታኅሣሥና በጥር ይሰበሰባል። ስለዚህ ዐቢይ ጾም ሲገባ በገበያ ላይ ያለው ምስር አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ነው። ይህ ለአብሳዩ ትልቅ ጥቅም አለው። ለረጅም ጊዜ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ የተከማቸ የጥራጥሬ እህል ልጣጩና ውስጡ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ቢቀቀል ቢቀቀል አይለሰልስም፣ ማገዶም ይፈጃል። ምስር ሻጩን "የዘንድሮ ነው ወይስ የአምና?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የነቀዝ ቀዳዳ ያለበትን መተውም ይገባል።

ለሳምቡሳ ክክ ወይስ ድፍን ምስር የሚለው ጥያቄ በብዙ ቤት ክርክር ያስነሳል። የእኔ ምርጫ ድፍኑ ነው። ክኩ ለወጥ ተወዳዳሪ የለውም፤ ቶሎ ይበስላል፣ ቶሎም ይፈርሳል። ለሳምቡሳ ግን መፍረሱ ጉዳት ነው። የፈረሰ ክክ ውሃውን እንደ ገንፎ ይዞ ይቀራል፤ ያ ውሃ በዘይት ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ጠርዙን ይበጥሳል። ድፍኑ ምስር ግን ልጣጩ ስለሚይዘው ፍሬ ፍሬውን እንደጠበቀ ይበስላል፤ ውሃውም ሲጠነፈፍ ይወርዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ከጤና ጋር የተያያዘ ነው። ጥቁር አፈር ባለበት አካባቢ ከምስር ጎን ለጎን ጓያ ይበቅላል። ጓያ ድርቅን የሚቋቋም፣ ሌላው ሰብል ሲከዳ የማይከዳ እህል ነው፤ ችግሩ በፍሬው ውስጥ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር መኖሩ ነው። ሌላ ምግብ ጠፍቶ ጓያ ለወራት ዋና ቀለብ ሲሆን እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በደምቢያና በፎገራ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻም ከድርቅ በኋላ በደላንታና ዳውንት የደረሰው ጉዳት በሐኪሞች ጥናት ተመዝግቧል። መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። አልፎ አልፎ ከሌላ ምግብ ጋር ጥቂት የበላ ሰው በዚህ በሽታ እንደማይያዝ ይታወቃል፤ ስለዚህ መደናገጥ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ከተከካ በኋላ አንዱን ክክ ከሌላው መለየት ለሸማቹ ይከብዳል። በድፍኑ ግን ስሕተት የለም፤ የምስር ፍሬ ክብና ጠፍጣፋ ነው፣ ዳርና ዳሩ ይሳሳል፤ የጓያ ፍሬ ማዕዘናም ነው፣ አንዱ ጎኑ የመጥረቢያ ስለት ይመስላል። እፍኝ ሙሉ ምስር በሰፌድ ላይ ዘርግቶ ማየት ይበቃል።

መቀቀልና ማድረቅ

ለ24 ሳምቡሳ 300 ግራም ድፍን ምስር ይበቃል። ምስሩ ይለቀማል፣ ይታጠባል፤ በሦስት እጥፍ ውሃ ይጣዳል። ቀድሞ መዘፍዘፍ ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን ለጥቂት ሰዓታት የተዘፈዘፈ ምስር ማገዶ ይቆጥባል። የመቀቀያው ጊዜ እንደ ቦታው ይለያያል። ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። በመተማ ቆላ ውሃ ወደ 98 ዲግሪ ተጠግቶ ሲፈላ በባሕር ዳር 94፣ በደብረ ብርሃን ደግሞ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በቆላ በ20 ደቂቃ የሚበስል ምስር በደጋ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቢወስድ የምስሩ ጥፋት አይደለም።

የሚፈለገው ፍሬው በጣት ሲጫን የሚደቅቅ፣ በራሱ ግን ያልፈረሰ ምስር ነው። እዚያ ሲደርስ በማጥለያ ይጠነፈፋል፤ ውሃውን ለሾርባ ወይም ለወጥ ማስቀመጥ ይገባል እንጂ አይደፋም። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ብዙዎች የሚዘሉት ነው። የተጠነፈፈውን ምስር ወደ ባዶና ደረቅ መጥበሻ መልሶ በዝግታ እሳት ላይ ለአራትና አምስት ደቂቃ ማማሰል ያስፈልጋል። እንፋሎቱ ሲወጣ ይታያል። እንፋሎቱ ሲያቆም፣ ምስሩም ከመጥበሻው ላይ ሳይጣበቅ ሲንከባለል ዝግጁ ነው።

ሽንኩርቱም እንዲሁ ነው። ሽንኩርት አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ስለሆነ ጥሬውን ከምስሩ ጋር መቀላቀል የደረቀውን መልሶ ማራስ ነው። ሦስት መካከለኛ ሽንኩርት ደቆ ይከተፍና ያለ ዘይት ይቁላላል፤ ውሃው ሲመጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የደቀቀ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ጥቂት ኮረሪማ ይጨመራል። ምስሩ ከገባ በኋላ ፍሬው የወጣለት ቃሪያ በደቃቁ ተከትፎ ይቀላቀላል። አንዳንዱ ጥቁር አዝሙድ፣ አንዳንዱ ድንብላል ይወዳል፤ በዚህ ላይ ሕግ የለም። ሕግ ያለው በሌላ ነገር ላይ ነው፤ ሙሌቱ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሊጡ አይገባም። ትኩስ ሙሌት በሊጡ ውስጥ ወርዝቶ ከውስጥ በኩል ያረጥበዋል፤ የረጠበ ሊጥ ደግሞ ይቀደዳል።

ሊጡ

500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ሩብ ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውሃ ያስፈልጋል። በቤት የተፈጨ የስንዴ ዱቄት ያለው ሰው ከፉርኖው ሩብ ያህሉን በእርሱ ሊተካ ይችላል፤ ውሃው ግን ጥቂት መጨመር ይኖርበታል፤ ገለባው ይመጥጣልና። ጤፍና ገብስ ለዚህ አይሆኑም። ስንዴ ሲታሽ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ፕሮቲን አለው፤ ሊጡ ስስ ሆኖ ሳይቀደድ የሚዘረጋው በዚህ ነው።

ሊጡ ከዳቦ ሊጥ ጠንከር፣ ከቂጣ ሊጥ ለስለስ ብሎ ለ10 ደቂቃ ያህል በደንብ ይታሻል። ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ለግማሽ ሰዓት ያርፋል። ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ መልሶ ይሰበሰባል፤ ሠራተኛዋ ከሊጡ ጋር ስትታገል ትውላለች። ያረፈው ግን በቀላሉ ይዘረጋል።

ሊጡ በ12 ድቡልቡል ይከፈልና እያንዳንዱ የስንዝር ያህል ስፋት እስኪኖረው በስሱ ይዳመጣል። አሁን ምጣዱ በዝቅተኛ እሳት ይሟሟቃል፤ እያንዳንዱ ስስ ቂጣ በእያንዳንዱ ጎኑ ለ15 ወይም 20 ሰከንድ ብቻ ያርፍበታል። የእርጥብነት ወዙ እስኪጠፋ እንጂ እስኪበስል አይደለም፤ ጠቃጠቆ ካወጣ ቆይቷል፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። የወጡት ቂጣዎች ተደራርበው በጨርቅ ይሸፈናሉ። በዚህ መንገድ ውጭው ቀድሞ የደረቀ ቂጣ ከጥሬ ሊጥ ያነሰ ዘይት ይወስዳል። ሥራውም ይከፋፈላል፤ ቂጣው ጠዋት፣ ጥብሱ ከሰዓት ሊሆን ይችላል።

እያንዳንዱ ቂጣ ለሁለት ይቆረጣል። ለማጣበቂያ ሁለት ማንኪያ ዱቄት በጥቂት ውሃ እንደ ወፍራም አጥሚት ይበጠበጣል። በእንቁላል የሚያጣብቁ አሉ፤ ለጾም ግን አይሆንም፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የሳምቡሳ ቂጣ የሚገዛም ሰው እንቁላል ወይም ቅቤ እንደሌለበት ማጣራት አለበት። ግማሹ ክብ ቀጥ ባለው ጠርዙ ላይ ማጣበቂያው ይቀባና እንደ ሻጭ የወረቀት ጥቅል ይታጠፋል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ሙሌት ይገባል፤ ከሦስት አራተኛ በላይ አይሞላም። አፉም ተቀብቶ በጣት ጫን ጫን ተደርጎ ይዘጋል። በመጨረሻ ከታች ያለችውን ሹል ጫፍ መመልከት ያስፈልጋል። ዘይት አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በሰፊው አፍ ሳይሆን በዚያች ማንም ልብ በማይላት ቀዳዳ ነው። ጥቂት ማጣበቂያ ቀብቶ መቆንጠጥ ይበቃታል።

ዘይቱ

በጥብስ ጊዜ የሚሆነውን መረዳት ዘይት ለመቆጠብ ግማሽ መንገድ ነው። ሳምቡሳው በጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ በሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ወደ ውጭ ይገፋል። የምናየው አረፋ እርሱ ነው። እንፋሎቱ እየወጣ ሳለ ዘይት በቀላሉ ወደ ውስጥ አይገባም። ዘይቱ ካልጋለ ግን እንፋሎቱ ደካማ ይሆናል፤ ሳምቡሳውም ቶሎ ስለማይደርስ ረጅም ጊዜ ተዘፍቆ ይቆያል።

የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ብዙው ዘይት ወደ ሊጡ የሚገባው ሳምቡሳው ከወጣ በኋላ፣ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ነው። ውስጡ ያለው እንፋሎት ሲበርድ ይጨማደድና ባዶ የተወውን ቦታ በገጹ ላይ የቀረው ዘይት ተስቦ ይሞላዋል። ስለዚህ ገና ትኩስ እያለ፣ በወጣበት ቅጽበት፣ ዘይቱ ከገጹ ላይ መንጠፍ አለበት። ሳምቡሳውን በማውጫው ላይ እንዳለ ከድስቱ በላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መነቅነቅ፣ ከዚያም በማጥለያ ላይ ማቆም ጥሩ ነው። በሰሃን ላይ አስተኝቶ መደራረብ ግን ከሥር ያለውን በላይኛው ዘይት ማጥመቅ ነው።

ቴርሞሜትር ላለው ትክክለኛው ሙቀት ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለሌለው ደግሞ የጥፍር ያህል ሊጥ መጣል ነው፤ ወዲያው አረፋ አውጥቶ ከተንሳፈፈ ደርሷል፣ ሥር ከቀረ አልደረሰም፣ ቶሎ ከጠቆረ አልፏል። በአንድ ጊዜ ብዙ ሳምቡሳ መክተት ሙቀቱን ስለሚያወርድ በመካከለኛ ድስት ከአራት ወይም ከአምስት አይበልጥም። እያገላበጡ አምስት ደቂቃ ያህል ይበቃል።

የትኛው ዘይት? በምዕራብ ጎጃምና በሌሎችም አካባቢዎች የሚመረተው ኑግ የዚሁ ሀገር ሰብል ነው፤ ዘይቱም መዓዛው የታወቀ ነው። ነገር ግን የኑግ ዘይት በሙቀትና በአየር ቶሎ የሚለወጥ ዓይነት ቅባት ይበዛበታል፤ ስለዚህ ሙሌቱን ለማቁላላት ወይም ለአንድ ጊዜ ጥብስ እንጂ ደጋግሞ ለመጥበስ አይመከርም። ብርድ ሲነካው የሚረጋው የፓልም ዘይት ለጥብስ ሙቀት ይበልጥ ይጸናል፤ ለልብ ጤና ግን በየቀኑ የሚመረጥ አይደለም። የትኛውም ዘይት ቢሆን ከጠቆረ፣ ከወፈረ፣ ሳምቡሳ ሳይገባበት አረፋ ካወጣ ወይም ገና ሳይግል ከጨሰ ጊዜው አልፏል። በአዲስ ዘይት ማቅጠን አሮጌውን አያድስም፤ አዲሱን ያበላሻል። በጎዳና ላይ ጠብሰው የሚሸጡ ወገኖች ይህን ያውቃሉ፤ የሚያስቸግራቸው ዕውቀት ሳይሆን ዋጋ ነው። ለእነርሱም ቢሆን በየጥብሱ መካከል በረድ ሲል በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ የወደቀውን ፍርፋሪ ማውጣት የዘይቱን ዕድሜ ያረዝመዋል፤ ዘይት የሚያጠቁረው በአብዛኛው የሚያርረው ፍርፋሪ ነውና።

ምን ያህል ዘይት እንደተጠጣ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ቀላል መንገድ አለው። ከመጥበሱ በፊት ዘይቱ በጠርሙስ ውስጥ የደረሰበት ቦታ በእስክሪብቶ ይሰመራል፤ ከጥብሱ በኋላ ቀዝቅዞና ተጠልሎ ሲመለስ ሁለተኛ መስመር ይሰመራል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ለ24ቱ ሳምቡሳ ሲካፈል ሒሳቡ ይገኛል። ሸጦ ለሚያድር ሰው ይህ መስመር ትርፉንና ኪሳራውን ይነግረዋል።

አንድ ማሳሰቢያ ሳይነገር አይታለፍም። የጋለ ዘይት እሳት ቢይዝ ውሃ ፈጽሞ አይደፋበትም፤ እሳቱን ያፈነዳዋል። ድስቱን በክዳን መክደንና ምድጃውን ማጥፋት ነው ትክክለኛው።

ከዘይት ሌላ መንገድ

ዘይት የሌለው ወይም በሕመም ምክንያት የተከለከለ ሰው ሳምቡሳ መተው የለበትም። አንደኛው መንገድ ምጣድ ነው። ሳምቡሳው በላዩ ጥቂት ዘይት ተቀብቶ በመካከለኛ እሳት ላይ፣ አክንባሎ ተደፍቶበት እየተገላበጠ ቡናማ እስኪሆን ይበስላል። ቅርፊቱ እንደ ጥብሱ አይንኮሻኮሽም፤ ግን ይጣፍጣል።

ሁለተኛው መንገድ እንፋሎት ነው። በሰሜን ቻይና በዘመን መለወጫ ዋዜማ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚሠራው ጂያኦዚ እንዲሁ በሊጥ የተጠቀለለ ሙሌት ሲሆን በውሃ ወይም በእንፋሎት ይበስላል። ህብስት ለሚያውቅ ቤት እንፋሎት እንግዳ አይደለም። ለዚህ ሊጡ በምጣድ ላይ አይነካም፤ ጥሬው በስሱ ተዳምጦ በብርጭቆ አፍ ይቆረጣል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሌት መሐሉ ላይ ተደርጎ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይታጠፋል። ጠርዙ በውሃ ብቻ ይጣበቃል። በሚፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ፣ ዘይት በተቀባ ማጥለያ ተደርድሮና ተከድኖ በ12 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። በሎሚና በሚጥሚጣ ሲበላ ልጆችም ይወዱታል።

ስለ ልጆች ከተነሳ፣ 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ከዱቄቱ ጋር ሲደመር ከላይ በተጻፈው ልክ የተሠራ አንድ ሳምቡሳ 5 ግራም ገደማ ይይዛል። ምስር የጎደለው የፕሮቲን ዓይነት በስንዴ ውስጥ አለ፤ ስንዴ የጎደለውም በምስር ውስጥ፤ ሁለቱ በአንድ ጉርሻ ሲገናኙ ይሟላሉ። ምስር ብረትም አለው፤ ሰውነት ግን ከእህል የሚያገኘውን ብረት በቀላሉ አይወስድም። ሎሚና ጥሬ ቃሪያ ይረዱታል፤ ሻይና ቡና ይከለክሉታል። ሳምቡሳን ከሻይ ጋር መብላት የለመደ ከተማ ይህን መስማት እንደማይወድ ይገባኛል። ቢሆንም ለነፍሰ ጡር እናትና ደም ማነስ ላለበት ሰው ሻዩን አንድ ሰዓት ማዘግየት ይበጃል።

ትርፍ ሙሌት በሞቃት ቤት ማደር የለበትም፤ ማቀዝቀዣ ባለበት ሁለት ቀን ይቆያል። ታጥፎ ያልተጠበሰ ሳምቡሳ ግን በበረዶ ክፍል ውስጥ አንድ ወር ይቀመጣል። ለየብቻው ተደርድሮ ከረጋ በኋላ በአንድ ከረጢት ይጠራቀማል፤ ሲፈለግም ሳይቀልጥ፣ እንደ በረዶ እንደሆነ፣ በላዩ ያለው ውርጭ በጨርቅ ተጠርጎ ጥቂት ጥቂቱን ወደ ጋለው ዘይት ይገባል።